የአንዲት ጠብታ ደም መልእክት፦ የደም ስኳርን በቤት ውስጥ መለካት

አምስት ሊትር ያህል ደም ባለው ጤነኛ ሰው ውስጥ፣ ማለዳ እህል ሳይቀመስ በደሙ የሚዘዋወረው ግሉኮስ ከ4 እስከ 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ይህን መጠን ጠብቀው የሚያኖሩት ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊንና ሌሎች ሆርሞኖች ናቸው። በስኳር ሕመም ጊዜ ኢንሱሊን ይጠፋል ወይም ያንሳል፤ አለዚያም ሰውነት በአግባቡ ሊጠቀምበት ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ ቆሽት በዝምታ ያከናውነው የነበረው ቁጥጥር በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለመቆጣጠር ደግሞ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

ቀደም ሲል በቤት ውስጥ ይደረግ የነበረው የሽንት ምርመራ ነበር። ይሁንና ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ስለሆነ፣ ምርመራው የስኳርን ማነስ ፈጽሞ ሊያሳይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ ኢንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር የማጣመርን ሐሳብ አቀረቡ። የዛሬዎቹ ግሉኮሜትሮች የሚሠሩት በዚሁ መሠረት ነው። በስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም ከግሉኮስ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ኤሌክትሮኑም በአስተላላፊ ውህድ አማካይነት ወደ ኤሌክትሮዱ ይሻገራል። ግሉኮስ በበዛ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይጨምራል፤ መሣሪያውም ፍሰቱን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

ተከታትሎ መመዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከቡታጅራ መማር እንችላለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 በቀድሞው መስቃንና ማረቆ ወረዳ የገጠር ጤና ፕሮግራም መሥርቶ፣ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። የአንድ ቀን ቆጠራ የማያሳየውን ለውጥ ተከታታይ መዝገብ ይገልጠዋል። የደም ስኳርም እንዲሁ ነው። በቀጠሮ ቀን የተገኘ አንድ ቁጥር ስለዚያች ሰዓት ብቻ ይናገራል።

በመስቃን ቤቶች ዘወትር የሚነሣውን የቆጮ ጉዳይ እንውሰድ። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ሲሆን፣ ስታርች በምግብ መፈጨት ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ታዲያ ምን ያህል ይበላ? ሕመምተኛው ከመብላቱ በፊት ይለካል፤ መብላት ከጀመረ ከ2 ሰዓት በኋላም ይደግማል። በሌላ ቀን ቆጮውን ቀንሶ፣ ጎመኑን ጨምሮ እንደገና ይለካል። የሁለቱ ቀናት ልዩነት ለእርሱ ሰውነት የተሰጠ መልስ ነው። ሆኖም በትንሽ ልዩነት መቸኮል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት እውነተኛው መጠን 200 ቢሆን፣ ከ170 እስከ 230 ያለ ንባብ ተቀባይነት አለው። ስለዚህ ሙከራውን ለጥቂት ቀናት መደጋገም ይገባል።

ስትሪፕ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በመሆኑም ጥቂት ስትሪፕ ያለው ሰው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ከሚለካ፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ በሌላ ቀን ከእራት በፊት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ከምግብ በኋላ እያፈራረቀ ቢለካ የተሻለ ሥዕል ያገኛል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና የተበላውን በደብተር መጻፍም አይዘንጋ። ከመለካት በፊት እጅን በውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያሻል፤ በጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ብቻውን ንባቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላልና። ስትሪፕ በራሱ ጠርሙስ ተከድኖ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።

ንባቡ ከ70 በታች ከሆነ ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ስትሪፕ ባይኖርም እንኳ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ግራ መጋባት ከታዩ ስኳሩን መውሰድ እንጂ መጠበቅ አይገባም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሕመምተኛውን የምንወቅስበት፣ ዝቅ ሲል ደግሞ መድኃኒቱን በገዛ እጃችን የምናቋርጥበት አይደለም። ደብተሩ በቀጠሮ ቀን ከሐኪሙ ፊት ሲገለጥ፣ ስለ መድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው ውሳኔ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ላይ ይቆማል። በቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ያለን ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ይህን ደብተር ብንይዝላቸው፣ በክፍል የተማርነው ኬሚስትሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግበት ቦታ ደረሰ ማለት ነው።