የእምነት ቃል እና ከአገር መባረር፦ በአሜሪካ የወንጀል ፍርድን መልሶ የማስመርመር መብትና የጊዜ ገደቡ

በዩናይትድ ስቴትስ አብዛኛው የወንጀል ክስ ምስክር ሳይሰማ ይቋጫል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው ውሳኔ እንዳሰፈረው፣ ከፌዴራል የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ ከክፍለ ግዛቶቹ ደግሞ 94 በመቶው ተከሳሹ ጥፋቱን በማመኑ የተሰጡ ናቸው። ተከሳሹ የእምነት ቃል ከመስጠቱ በፊት በአመዛኙ የሚያሰላው የእስራቱን ዘመን ነው። ዜግነት ለሌለው ሰው ግን ከእስራቱ የሚከብደው ውጤት በፍርዱ ላይ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፤ ይኸውም ከአገር መባረር ነው። ይህ ጽሑፍ ውጤቱ ከየት እንደሚመነጭና ፍርዱን መልሶ ማስመርመር የሚቻልባቸውን መንገዶች ያብራራል። የመብቱ ዋና እንቅፋት ጉዳቱ የሚገለጥበት ጊዜና ሕጉ ለአቤቱታ የሚፈቅደው ጊዜ አለመገጣጠማቸው መሆኑንም ያሳያል።

የጥፋተኝነት ፍርድ በኢሚግሬሽን ሕግ

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ «የጥፋተኝነት ፍርድ» ለሚለው ሐረግ የራሱን ትርጓሜ ሰጥቷል። ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ዓይነት ቅጣት ወይም የነጻነት ገደብ ከጣለበት፣ የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ክሱን ኋላ ቢዘጋውም እንኳ በኢሚግሬሽን ረገድ እንደ ጥፋተኛ ይቆጠራል። በገደብ የተጣለ ቅጣትም ሙሉ ቅጣት ነው። ለምሳሌ በስርቆት የአንድ ዓመት እስራት ተፈርዶበት ቅጣቱ በገደብ የታገደለት ሰው አንድም ቀን ሳይታሰር የኢሚግሬሽን ሕጉ «ከባድ ወንጀል» ከሚለው ምድብ ይገባል። ቅጣቱ 364 ቀን ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ምድብ አይወድቅም ነበር።

ቀድሞ ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛ ጥፋተኛው ከአገር እንዳይባረር ለማድረግ የሚያስችል አስገዳጅ የውሳኔ ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣን ነበረው። ይህ ሥልጣን በ1990 ተሰርዟል። ዛሬ «ከባድ ወንጀል» የፈጸመ ቋሚ ነዋሪ፣ የኢሚግሬሽን ዳኛው የነዋሪነት ዘመኑንና የቤተሰቡን ሁኔታ አይቶ መባረሩን እንዲያስቀርለት መጠየቅ አይችልም። የኢሚግሬሽን ዳኛው የወንጀል ፍርዱን ትክክለኛነት የመመርመር ሥልጣንም የለውም። ስለዚህ ፍርዱ ስሕተት አለበት የሚል ሰው መመለስ ያለበት ወደ ወንጀል ችሎቱ ነው።

የጠበቃው ግዴታ

ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ ፍርድ ቤቶች መባረርን የወንጀል ፍርዱ «ተጓዳኝ ውጤት» አድርገው ሲያዩት ስለቆዩ፣ ጠበቃ ስለዚህ የማማከር ግዴታ የለበትም ይሉ ነበር። ይህን አቋም የለወጠው በ2010 የተወሰነው የፓዲላ ጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ በሆንዱራስ የተወለደ፣ ከ40 ዓመታት በላይ በአሜሪካ በቋሚ ነዋሪነት የኖረና በቬትናም ጦርነት የዘመተ ሰው ነበር። በኬንታኪ ማሪዋና በጭነት መኪና በማጓጓዝ ተከሶ ጥፋቱን ያመነው፣ ጠበቃው በአገሪቱ ረጅም ዘመን ስለኖረ ስለ መባረር መጨነቅ እንደማያስፈልገው ስለነገረው መሆኑን ገልጿል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን ምክር እንደሚያካትት ወሰነ። ሕጉ መባረርን በግልጽ የሚያስከትል ከሆነ ጠበቃው ትክክለኛውን ምክር መስጠት አለበት፤ ግልጽ ካልሆነ ደግሞ አደጋ ሊኖር እንደሚችል ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

የጠበቃውን ስሕተት ማሳየት ብቻ ግን ፍርድ አያሽርም። በ1984 በስትሪክላንድ ጉዳይ በተቀመጠው መለኪያ መሠረት ስሕተቱ ጉዳት ማድረሱም መረጋገጥ አለበት። የእምነት ቃልን በተመለከተ ጥያቄው፣ ተከሳሹ ትክክለኛውን ምክር ቢያገኝ ኖሮ ጥፋቱን ሳያምን ክርክሩን የመቀጠሉ ዕድል ምን ያህል ነበር የሚል ነው። በ2017 የተወሰነው የሊ ጉዳይ ይህን ያብራራል። ሊ በ13 ዓመቱ ከደቡብ ኮሪያ የመጣ፣ በሜምፊስ ምግብ ቤት ያቋቋመ ሰው ሲሆን የቀረበበት ማስረጃ ጠንካራ ነበር። የእምነት ቃሉን የተቀበለው ዳኛ መባረር ሊከተል እንደሚችል ነግሮ ይህ ውሳኔውን ይነካው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሊ እንደሚነካው መለሰ። ጠበቃው ግን ማስጠንቀቂያው የተለመደ ነገር ነው ብሎ አረጋጋው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኋላ የተነገረ ቃል ብቻውን እንደማይበቃ፣ በወቅቱ የነበረ ማስረጃ ሊደግፈው እንደሚገባ ገለጸ፤ የሊ የችሎት መልስም እንዲህ ያለ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

በአስተርጓሚ ለሚከራከር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ነጥብ ተጨማሪ ትርጉም አለው። «መባረርን ሊያስከትል ይችላል» እና «መባረርን ያስከትላል» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች ልዩነት በትርጉም ላይ ከጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው እንደተሰጠ ተመዝግቦ መልእክቱ ግን ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

የጊዜው ጥያቄ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በቻይዴዝ ጉዳይ የፓዲላ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የመጨረሻ በሆኑ ፍርዶች ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን ወስኗል። በአዲሶቹ ፍርዶችም ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። የፌዴራል ፍርደኛ አቤቱታውን ማቅረብ ያለበት በመርሕ ደረጃ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያውም በእስር ወይም በክትትል ሥር ሳለ ነው። ቅጣቱን ለጨረሰ የሚቀረው ኮራም ኖቢስ የተሰኘው ልዩ አቤቱታ ሲሆን፣ መሠረታዊ ስሕተት መኖሩንና ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት መኖሩን ማስረዳት ይጠይቃል። የክፍለ ግዛት ፍርዶች ደግሞ እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይስተናገዳሉ።

ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ የጊዜ ገደብ ውስጥ አይታይም። አንድ ቋሚ ነዋሪ ችግሩን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲጠይቅ፣ ግሪን ካርዱን ሲያሳድስ ወይም ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። ካሊፎርኒያ ለዚህ ክፍተት መልስ የሚሆን ሕግ ከ2017 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። በዚህ ሕግ ከእስርና ከክትትል የወጣ ሰውም የእምነት ቃሉን የኢሚግሬሽን ውጤት በሚገባ እንዳይረዳ ያደረገ ጎጂ ስሕተት መኖሩን አሳይቶ ፍርዱን ማሻር ይችላል። ከ2019 ማሻሻያ ወዲህ የጠበቃውን ጉድለት ማስረዳት የግድ አይደለም።

የተሻረበት ምክንያት

ፍርዱ ከተሻረም በኋላ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2003 በፒከሪንግ ጉዳይ ያኖረው መለኪያ ይጠብቃል። ፍርዱ የተሻረው በሥነ ሥርዓት ወይም በሕግ ጉድለት ከሆነ መባረርን አያስከትልም። የተሻረው ባለጉዳዩ ስለታረመ ወይም ከመባረር እንዲድን ብቻ ከሆነ ግን ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ የሽረቱ ትእዛዝ የተሻረበትን የሕግ ጉድለት በግልጽ ማስፈር አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ፣ የፓዲላ ውሳኔ መብቱን ቢያጸናም መብቱ በተግባር የሚለካው በጊዜ ገደቡና በተጠበቀው ማስረጃ መሆኑ ነው። የጠበቃው ማስታወሻ፣ የችሎቱ ቅጂና የአስተርጓሚው ቃል የእምነት ቃሉ በተሰጠበት ቀን ካልተመዘገቡና ካልተጠበቁ፣ ከዓመታት በኋላ የሚቀርበው አቤቱታ በቃል ብቻ ይቀራል፤ ቃል ብቻውን ደግሞ እንደማይበቃ የሊ ጉዳይ አሳይቷል።