አዲስ ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት የተበላሹትን ፎቶዎች ይዩ

አንድ የካሜራ ሌንስ ለወጣበት ገንዘብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ሻጩ አያውቅልዎትም። መልሱ ያለው ቀድሞ ባነሷቸው ፎቶዎች ውስጥ ነው። ዲጂታል ካሜራ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደነበረ፣ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ሹተሩም በምን ፍጥነት እንደሠራ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ይመዘግባል። ስለዚህ ማታ ቤትዎ ውስጥ ላፕቶፑን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይክፈቱና ያላማሩትን ፎቶዎች ብቻ ለይተው መዝገባቸውን ያንብቡ።

ከሠርግ አዳራሽ የመጣ አንድ ፎቶ እንውሰድ። እስክስታ የሚመቱት ሰዎች ብዥ ብለዋል፤ ከኋላቸው ያለው ጠረጴዛና አበባ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እንግዲያው የተንቀሳቀሰው ትከሻቸው ነው እንጂ የእርስዎ እጅ አይደለም። መዝገቡ ደግሞ 55 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ 1/40 ሰከንድ ይላል። የሚመታ ትከሻን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ቢያንስ 1/250 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፍጥነት ካሜራው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከስድስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። የጎደለው ብርሃን ከየት ይምጣ?

የኤፍ ቁጥር ትርጉም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሚሊሜትሩ) ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነውና ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 5.6 ላይ 9 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል፤ ኤፍ 1.8 ላይ ግን ወደ 28 ሚሊሜትር ይሰፋል። የመስኮቱን መዝጊያ (ትሪሱን) ጥቂት ከፍ በማድረግና እስከ ላይ በመጠቅለል መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ብርሃኑ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ለእስክስታው ከሚያስፈልገው በላይ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሌንስ ደግሞ ከካሜራ አምራቾች ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ የካኖኑ 160 ግራም ብቻ ይመዝናል። «መንቀጥቀጥ ይከላከላል» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ሌንስ ግን ለዚህ ችግር መድኃኒት አይሆንም፤ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አይደለም።

ይኸው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ሳሎን ውስጥ ያስቸግራል። ዙም የለውም። አነስተኛ ሴንሰር ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ 50ው እንደ 80 ሚሊሜትር ስለሚያጠብ፣ ቤተሰቡ ሶፋው ላይ ሲደረደር እርስዎ ጀርባዎ ግድግዳ እስኪነካ ቢያፈገፍጉም ሁሉም አይገቡም። ኤፍ 1.8 ላይ ደግሞ ፊት ያሉት ሲጠሩ ኋላ የተቀመጡት ይደበዝዛሉ። ለዚህ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ይበልጣል።

የሲግድ በዓል ሌላ ጉዳይ ነው። ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ብርሃን ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። ቄሶቹ ባለጌጥ ጃንጥላ ሥር ቆመው፣ እርስዎ ከሕዝቡ ኋላ ሆነው ሲያነሷቸው፣ ፎቶዎቹ ሁሉ 55 ሚሊሜትር ላይ ቆመው በኋላ በኮምፒውተር የተቆራረጡ ከሆነ የሚያስፈልግዎ 55-250 ነው። ቀን በፀሐይ ኤፍ 5.6 ይበቃል፤ ለከባዱና ለውዱ ኤፍ 2.8 ገንዘብ አያውጡ። በዓመት አንዴ ብቻ ከሆነ ተከራይተው ይመልሱት።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ይዩ። እንደ አሽዶድ ባሉ እርጥበት በበዛባቸው የባሕር ዳር ከተሞች መስታወቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ይበቅላል፤ ይህን ካዩ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት። ከመክፈልዎ በፊት ካሜራዎ ላይ ገጥመው ይሞክሩት፤ የአንዱ ካሜራ ሌንስ ለሌላው ላይገጥም ይችላል።

ምንም ሌንስ የማይፈታው አንድ ችግር አለ፤ ብዙዎቻችንን ገንዘብ የሚያስወጣንም እሱ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ ላይ ፊታቸው ይጨልማል። ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጩ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። የሁለት ሺህ ሸቀል ሌንስም ያንኑ ያደርጋል። መፍትሔው ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ +1 ማድረግ፣ እናትንም ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙሮ ማስቀመጥ ነው፤ የነጠላው ጥለት እንዳይነጣ ትንሽ እየቀነሱ ይሞክሩ።

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ልጅ አዝለው የመጡ እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። በወጣትነታቸው የተነሱት ፎቶ እንኳ የሌላቸው አሉ። እባክዎ እነሱን ለማንሳት አዲስ ሌንስ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት፣ በእጅዎ ባለው ካሜራ ያንሷቸው።