ያዘገመ ላፕቶፕዎን ወደ ሊኑክስ ሲቀይሩ

ስክሪኑም ኪቦርዱም ደህና የሆነ፣ ግን ለመነሳት ደቂቃዎች የሚወስድበት ላፕቶፕ በብዙ ቤት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። ሰው በዚህ ጊዜ ወይ አዲስ ለመግዛት ይጨነቃል፣ ወይ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ያስጭናል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኦፐሬቲንግ ሲስተም በኮምፒውተሩ አካልና በምንከፍታቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሁሉንም የሚያሠራ ዋና ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ አንዱ ነው፤ ሊኑክስ ሌላው። የሊኑክስን እምብርት በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ከእሱ በፊት በ1983 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ስታልማን ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ሁለቱ ተገጣጥመው ሙሉ ሲስተም ሆኑ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፦ ማየት፣ ማሻሻል፣ አባዝቶ ለሌላ መስጠት ይፈቀዳል። እንግዳ ነገር ከመሰለዎት ስልክዎን ይመልከቱ፤ አንድሮይድ ከሆነ የሚሠራው በሊኑክስ እምብርት ነው።

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ያስጀመረው ኡቡንቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ለጀማሪ ግን እኔ የምመክረው በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተውን ሊኑክስ ሚንትን ነው። ሜኑው እንደ ዊንዶውስ 10 ከታች በግራ ጥግ ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ካለዎት ይመቻል።

መጀመሪያ ሥራዎን ይመርምሩ

ኮምፒውተሩን የሚፈልጉት ኢንተርኔት ለማየት፣ ለቴሌግራም፣ ፊልም ለማየትና ደብዳቤ ለመጻፍ ከሆነ ምንም አይጎድልብዎትም። ፋየርፎክስ፣ ቪኤልሲና ቴሌግራም ሁሉም የሊኑክስ ስሪት አላቸው። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ብዙ ሠንጠረዥና ሥዕል ያለበት ገጽ ግን አቀማመጡ ሊዛነፍ ይችላል።

እንጀራዎ በፒችትሪ ሒሳብ ወይም በፎቶሾፕ ላይ ከሆነ ግን ይቆዩ። እነዚህ ለሊኑክስ የተዘጋጀ ስሪት የላቸውም፤ በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ መታገል ሥራ ያስፈታል። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም እንደዚሁ ነው። በድሮ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካለዎት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ዊንዶውሱ ሳይነካ አስፈላጊዎቹን ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡ። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ያለ ችግር ይነበባል። ለመጻፍም አይባስና ኤም17ኤን የተባሉትን ፕሮግራሞች በነፃ ጭነው አማርኛን ይጨምራሉ፤ ከዚያ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ሲመቱ «ሰላም» በራሱ ፊደል ይወጣል።

ሳይጭኑ ይሞክሩ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ሊኑክስ ይህን ዕድል ይሰጣል፦ ዲስክዎን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ይሠራል። የሚንትን ፋይል ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በስልክ ዳታ ሳይሆን ዋይፋይ ባለበት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አይርሱ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ፍላሹን ሰክተው ያብሩ፤ ወዲያው በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚሠራውን ኤፍ12ን ደጋግመው ይጫኑ፤ በኤችፒ ኤፍ9 ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ሲመርጡ ሚንት ይከፈታል። አሁን አንድ ሰዓት ይስጡት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅና ካሜራው ይሠራሉ? ፕሪንተሩን ያውቀዋል? አንዱ ካልሠራ ከመጫንዎ በፊት አወቁት ማለት ነው፤ አጥፍተው ፍላሹን ሲነቅሉ ዊንዶውስዎ እንደነበረ ያገኙታል።

ፋይልዎን ያትርፉ

ሰው የሚጎዳው ሊኑክስ ከብዶት ሳይሆን ባክአፕ ሳይዝ ስለሚቸኩል ነው። «ዶክዩመንትስ» የሚለውን ፎልደር ብቻ ገልብጦ የሚረካ ብዙ ነው፤ የሠርጉ ፎቶ ግን የሚገኘው ዴስክቶፕ ላይ ወይም «ዳውንሎድስ» ውስጥ ነው። ሁሉንም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ በብሮውዘሩ ያስቀመጧቸውን የይለፍ ቃሎችም ይጻፉ። ከዚያ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ የማይከፈት ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል።

መጫኑ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ዋና ምርጫ ያቀርባል፦ ሚንትን ከዊንዶውስ ጎን ማስቀመጥ፣ ወይም ዲስኩን አጥፍቶ ሚንትን ብቻ መጫን። የመጀመሪያውን ከመረጡ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። ሁለተኛውን ከመረጡ ዲስኩ ላይ የነበረው አይመለስም። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪው መሙላቱን ይዩ፤ ባትሪው የማይዝ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ይምረጡ።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የነገሮች ቦታ ይጠፋብዎታል፤ ፕሮግራም በጫኑ ቁጥርም የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ጥያቄው የሚጠብቀው እርስዎን ነው፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ሲስተሙ ውስጥ ነገር እንዳይገባ። ፕሮግራም የሚወስዱትም ከየድረ ገጹ ሳይሆን ከሚንት የራሱ የሶፍትዌር ማከማቻ ነው። ከፎቶ ቤትና ከማተሚያ ቤት በፍላሽ የሚመጣው፣ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም። ይህ ማለት ሊኑክስ አይነካም ማለት አይደለም፤ ማሻሻያዎቹን በየጊዜው ይጫኑ።

«ነፃ» የሚለው ቃላችን ያለ ክፍያ መሆንንም አርነትንም ይይዛል፤ ሊኑክስ በሁለቱም ትርጉም ነፃ ነው። ስለዚህ ሲጨርሱ ፍላሹን አያጥፉት። ጎረቤትዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ የሚያዘግም ላፕቶፕ ካላቸው ያውሷቸው፤ ፈቃዱ ይህን ይፈቅዳል፣ እነሱም ዳግመኛ 3 ጊጋባይት ማውረድ አይጠበቅባቸውም።