የጋዝ ቧንቧ መርማሪው ራሱ እንዴት ይመረመራል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ከመሬት በታች የተቀበረ የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ግን ሳይወድ በሽታውን ይደብቃል። በሴፕቴምበር 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን ብሩኖ በምትባለው ከተማ፣ በ1956 የተቀበረና ስፋቱ 30 ኢንች የሆነ ቧንቧ ፈንድቶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶችም ወደሙ። ምርመራው እንዳስረዳው፣ የአደጋው መነሻ በቁመቱ የሚሄደው የቧንቧው ስፌት ከመጀመሪያው በሚገባ አለመበየዱ ነበር። በመዝገቡ ግን ቧንቧው ስፌት የሌለበት ተብሎ ተጽፎ ነበር። አሠራሩም መርማሪ መሣሪያ በውስጡ ለማሳለፍ የማያመች ስለ ነበረ፣ ጉድለቱ ለ54 ዓመታት ተሰውሮ ኖረ።

መርማሪው መሣሪያ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ በጋዙ ግፊት እየተገፋ የሚጓዝ ነው። የሙያው ሰዎች «ፒግ» ይሉታል፤ አሳማ ማለት ነው። ከዘዴዎቹ በጣም የተለመደው በማግኔት የሚሠራው ነው። ኃይለኛ ማግኔቶች የቧንቧውን ግድግዳ በመግነጢስ ኃይል ይሞሉታል፤ ብረቱ በዝገት በሳሳበት ቦታ ኃይሉ መተላለፊያ ስለሚጠበው ከፊሉ ከግድግዳው ወጥቶ ይፈስሳል፤ ይህንንም በመሣሪያው ዙሪያ የተደረደሩት ጠቋሚዎች ይመዘግቡታል። ነገር ግን ኃይሉ በቧንቧው ቁመት የሚሄድ ከሆነ፣ በዚያው አቅጣጫ የተዘረጋ ቀጭን ስንጥቅ በቀላሉ ያመልጠዋል።

ለስንጥቅ የሚሻለው ጆሮ የማይሰማው ረቂቅ ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ ከመሣሪያው ወደ ብረቱ በደንብ እንዲሻገር በመካከላቸው ውሃ ወይም ዘይት ያስፈልጋል፤ በጋዝ ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ይህ የለም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሽቦና በማግኔት አማካይነት ድምፁን በራሱ በብረቱ ውስጥ የሚፈጥር መሣሪያ ተሠርቷል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄያችን፣ መሣሪያው «ጉድለት የለም» ሲል በምን እናምነዋለን? የሚል ነው። የመጀመሪያው ፈተና ጥልቀታቸውና ርዝመታቸው አስቀድሞ የተለካ ጉድለቶች በተቀረጹበት ቧንቧ ውስጥ መሣሪያውን በገመድ ስቦ ማሳለፍ ነው። የጉድለቶቹ ቦታ ከመርማሪዎቹ መሰወር አለበት፤ ጥያቄውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ያገኘው ማርክ ዕውቀቱን እንደማይመሰክር ሁላችንም እናውቃለን።

ውጤቱ ሲታረም ሁለት ስሕተቶች ተለይተው መቈጠር አለባቸው። የሌለውን ጉድለት አለ ማለት በከንቱ ያስቈፍራል፤ ያለውን የለም ማለት ግን ሰው ይገድላል። ልኩም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በማግኔት ለሚሠራው መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መግለጫ፣ ከመቶ ልኬቶች በ80ዎቹ ስሕተቱ ከግድግዳው ውፍረት ከመቶ 10 አይበልጥም የሚል ነው። ግድግዳው 10 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከአምስት ልኬቶች አንዱ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ይህም ፈተና ብቻውን አይበቃም። በፋብሪካ የተቀረጸ ጉድለት ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ ዝገት ግን ወጣ ገባ እያደረገ ይበላል፤ እውነተኛ ስንጥቅም ከንፈሩ የተገጠመ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ቧንቧ ለፈተና ይፈለጋል። ፍጥነቱም ሊታሰብበት ይገባል፤ በገመድ ቀስ ብሎ ሲሳብ በደንብ ያየ መሣሪያ፣ ጋዙ አፍጥኖ ሲገፋው ምልክቱ ሊዛባበት ይችላል።

የመጨረሻው ዳኛ አካፋ ነው። መሣሪያው በእውነተኛው መስመር ካለፈ በኋላ በተመረጡ ቦታዎች ላይ መሬቱ ተቈፍሮ ቧንቧው በእጅ ይለካል። እኛ እንደምናስበው፣ «ጉድለት አለ» የተባለበት ቦታ ብቻ ሳይሆን «የለም» የተባለበትም አልፎ አልፎ ሊቈፈር ይገባዋል፤ መሣሪያው ያላየውን መሣሪያው ሊነግረን አይችልምና።