ፋብሪካ ከዕቃ ይልቅ አገልግሎት ሲሸጥ ምን ይለወጣል?

በሀርጌሳ የኮካ ኮላ ፋብሪካ እአአ በ2012 ሥራ ሲጀምር ትልቁ ዜና ጠርሙስ የሚሞላው የማምረቻ መስመር ነበር። ሆኖም በብዙ አገራት የለስላሳ መጠጥ አምራቾች ለሱቆች ማቀዝቀዣ ያውሳሉ። ንብረቱ የኩባንያው ስለሆነ ሲበላሽ የሚጠግነውም እርሱ ነው። የቆመ ማቀዝቀዣ ያልተሸጠ መጠጥ ማለት በመሆኑ፣ ፋብሪካው ከማምረቻው ጎን የጥገና ክፍል፣ የመለዋወጫ መጋዘንና ተንቀሳቃሽ ባለሙያዎች ያስፈልጉታል።

ዕቃን ከነአገልግሎቱ መሸጥ አዲስ አይደለም። የብሪታንያው ብሪስቶል ሲድሊ እአአ በ1962 የአውሮፕላን ሞተሮቹን ጥገና በበረራ ሰዓት ማስከፈል ጀመረ። ኩባንያውን የጠቀለለው ሮልስ ሮይስም አሠራሩን አስፋፋው። በቀድሞው ልማድ ሞተር ሲበላሽ አምራቹ መለዋወጫ ሸጦ ያተርፋል፤ በሰዓት ሲከፈለው ግን ብልሽቱ የራሱ ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ በረራ ላይ ካሉ ሞተሮች የሚላከውን መረጃ የሚከታተሉ ባለሙያዎችን መድቧል።

ከባዱ ለውጥ ግን በሕንፃው ውስጥ ነው። በመገጣጠሚያ መስመር ላይ ቀጣዩ ሥራ አስቀድሞ ይታወቃል። ለጥገና የገባ ማሽን ግን እስኪፈታ ድረስ ምን እንደሚያሻው አይታወቅም። መጋዘኑ ላይፈለግ የሚችል ዕቃም ማከማቸት፣ ሠራተኛውም መገጣጠም ብቻ ሳይሆን የብልሽቱን መንስኤ ማወቅና ለደንበኛው ማስረዳት ይኖርበታል። ይህን በነባሩ ማምረቻ አዳራሽ ጥግ ለማከናወን የሚሞክር አምራች ሁለቱንም ሥራ ማጓተቱ አይቀርም።

ቦታም ይለወጣል። የፈረንሳዩ አልስቶም ፔንዶሊኖ የተባሉትን ባቡሮች የገጣጠመበት የበርሚንግሃም ፋብሪካ እአአ በ2005 ሲዘጋ፣ ባቡሮቹን የሚጠግንበት የማንቸስተር ማዕከል ሥራውን ቀጠለ። ፋብሪካ ርካሽ መሬት ፍለጋ ሊርቅ ይችላል፤ የጥገና ማዕከል ግን ደንበኛው ካለበት መራቅ አይችልም።

ለሀርጌሳ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጄኔሬተሮች፣ ተሽከርካሪዎችና የሕክምና መሣሪያዎች የሚገቡት በአብዛኛው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የበርበራ ወደብ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው። አምራቹ ገዢውን አያውቀውም። ክፍተቱን የሚሞሉት ከአንዱ ማሽን ፈትተው ለሌላው የሚገጥሙ የከተማዋ ጋራዦች ናቸው፤ ያለ እነርሱ ብዙ ነገር በቆመ ነበር። ለዓመታት የሚዘልቅ የአገልግሎት ውል ግን ኢንሹራንስንና ተፈጻሚነት ያለው ዳኝነትን ይጠይቃል። ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ባላገኘችው ሶማሊላንድ ሁለቱንም ማግኘት ቀላል አይደለም።

እአአ በ2023 የተከፈተው የበርበራ የኢኮኖሚ ቀጠና ለመጋዘን የሚሆን ቦታ አለው። አምራቾች መለዋወጫና ባለሙያ ቢያስቀምጡበት፣ የቆመ የሆስፒታል ጄኔሬተር ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርበትም።