የፎቶግራፍ መድኃኒት ሲከዳ

ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ሥራ ይመስላል። ተነሺው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ካሜራው ቀጭ ይላል፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠራ ሰው ግን እውነተኛው ፈተና በጨለማው ክፍል እንደሚጠብቀው ያውቃል። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈርደው በጠርሙስ የተቀመጠው የማጠቢያ መድኃኒት፥ ማለት ዴቨሎፐሩ ነው። እርሱ ከከዳ ያለፈችውን ደቂቃ የሚመልስ የለም።

እኔ ይህን የተማርሁት በወሎ ቦረና፥ በመካነ ሰላም ከተማ በጸሐፊነት ስሠራ ነው። ጊዜው የእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ሳይጀምር ነበር። የጎረቤቴ የአንዲት እናት ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ፥ «የእናቴን ፎቶግራፍ ይዤ ልሂድ» ብሎ ለመነኝ። እርሳቸውም ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጃፋቸው ተቀመጡ፤ ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው። ማታ የጓዳዬን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርጄ ፊልሙን አጠብሁ። መብራት ሳበራ ፊልሙ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ አገኘሁት። የእናትዮዋ ፊት የለም፤ ደጃፉም የለም። ልጁ በማግሥቱ ማለዳ ባዶ እጁን ተሳፈረ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ «አብሽር ልጄ፤ ፊቴ እዚሁ ነው፤ የት ይሄዳል?» አሉኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቱ የማን ነበር? ይህን ለማወቅ የፊልሙን ጠርዝ መመልከት ይበቃል። ፋብሪካው በጠርዙ ላይ ስሙንና ቍጥሮቹን አስቀድሞ በብርሃን ይጽፋል፤ የሚታዩትም ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ቍጥሮቹ በደንብ ጠቍረው ሥዕሉ ብቻ ከሳሳ ወይም ከጠፋ፥ ጥፋቱ የካሜራው ወይም የአንሺው ነው። ቍጥሮቹም አብረው ከጠፉ ግን ዴቨሎፐሩ ሞቶአል፤ አለዚያም ፊክሰሩ በስሕተት ቀድሞ ገብቶአል። በእኔ ፊልም ላይ አንድም ቍጥር አልነበረም። ፊክሰሩን በተራው እንደ ጨመርሁ አውቃለሁና ጥፋተኛው ዴቨሎፐሩ ነበር። ጠርሙሱ ግማሽ ሆኖ ብዙ ወራት ተቀምጦ ነበር፤ መልኩ ቀጭን ሻይ ስለ መሰለ ብቻ ደኅና ነው ብዬ አምኜዋለሁ።

ዴቨሎፐር ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር የሚለውጥ መድኃኒት ነው። በኮዳክ ፋብሪካ ተቀምሞ በ1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታወቀው ዲ 76 ለምሳሌ፥ በ1 ሊትር ውኃ 2 ግራም ሜቶል፥ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፥ 5 ግራም ሃይድሮኪኖንና 2 ግራም ቦራክስ አለው። ሥዕሉን የሚያወጡት ሜቶልና ሃይድሮኪኖን ናቸው፤ ቦራክሱ ያነቃቸዋል። ሰልፋይቱ ደግሞ እንደ ዘበኛ ሆኖ ከአየር ይጠብቃቸዋል። ዘበኛው ሲያልቅ አየሩ ሁለቱን ያበላሻቸዋል። ስለዚህ ዲ 76 በሞላ ጠርሙስ ስድስት ወር ያህል ሲቈይ፥ በጎደለ ጠርሙስ ሁለት ወር ያህል ብቻ ይቈያል።

መልክን ማመን ግን አይገባም። አግፋ በ1891 ፈቃድ ያወጣበት ሮዲናል እንደ ቡና ጠቍሮ እንኳ ለብዙ ዓመት ይሠራል። ኮዳክ በ1996 ያወጣው ኤክስቶል ደግሞ ከቫይታሚን ሲ ወገን በሆነ ቅመም የተሠራ ነው፤ እንደ ውኃ ጠርቶ እያለ ድንገት ሊሞት ይችላል።

ለደጋ ሰው ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ብርድ ነው። ሃይድሮኪኖን ከ13 ዲግሪ በታች ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሞተ የተባለው መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ በርዶት ብቻ ይሆናል። ከመፍረድ በፊት ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሞ እስከ 20 ዲግሪ ማድረስ ይገባል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህ ግን አያሳስብም፤ ዱቄቱን ለማሟሟት 50 ወይም 55 ዲግሪ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መፈተኛው እንምጣ። ወጪው ከምንም አይቈጠርም፤ ጨለማ ክፍልም አያሻውም። መድኃኒቱ አዲስ በተበጠበጠ ቀን፥ ከፊልሙ መጀመሪያ ላይ ያለውን ብርሃን ያገኘውን ምላስ አውራ ጣት በሚያህል ቍረጡ። ግማሹን በ20 ዲግሪ ዴቨሎፐር ውስጥ በብርሃን ንከሩና ፈጽሞ እስኪጠቍር ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ጻፉ። ቍራጩን በፊክሰር አጽንታችሁ፥ አጥባችሁና አድርቃችሁ ቀኑን በፖስታ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ማናቸውንም ቁም ነገር ያለው ፊልም ከማጠብ በፊት በዚያው ዐይነት ፊልምና በዚያው ሙቀት ፈተናውን ድገሙት። ከበፊቱ ይልቅ ከዘገየ፥ ወይም ግራጫ ሆኖ ከቀረ መድኃኒቱን ጣሉት። ይህ ፈተና መድኃኒቱ ሕያው መሆኑን እንጂ ጕልበቱን በትክክል አይነግርም፤ ጕልበቱን መለካት የሚሻ ነጭ ጋቢና ጥቁር በርኖስ ጎን ለጎን ሰቅሎ ያንሣ፤ አጥቦም ከቀድሞው ኔጋቲቭ ጋር ያስተያይ።

ጠርሙሱ ሲጎድል ንጹሕ የብርጭቆ ብይ እየጨመሩ እስከ አፉ መሙላት አየሩን ያስወጣል። በአረቄ ጠርሙስ ያለ ጽሑፍ ማስቀመጥ ግን ከባድ አደጋ ነው፤ ተሳስቶ የሚጠጣው ሰው አይጠፋምና።

በአዲስ አበባ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፥ የነገሥታቱን መልክ ለትውልድ አቈይተዋል። ለንጉሥ «ፊልሙ ተበላሽቶብኛልና እንደገና ይቀመጡ» ማለት ቀላል አይደለም። ለድኃ እናትም ቢሆን ያው ነው።

እኔ ግን ዕድል አገኘሁ። አዲስ መድኃኒት በጥብጬ፥ ቍራጩ ሲጠቍር በዐይኔ አይቼ፥ እኚያን እናት በዚያው ደጃፍ አነሣኋቸው። አንዱን ሥዕል ለልጃቸው በፖስታ ላክሁ፤ ሌላውን እጃቸው ላይ አስቀመጥሁ። ከዐይናቸው ራቅ አድርገው ተመለከቱትና «አላልሁህም? እዚሁ ነበር» አሉኝ። ሰው ሁሉ ግን እንደገና ለመቀመጥ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከሁሉ በፊት ጠርሙስህን ፈትን።