በባለታሪኩ ዓይን፦ የአንደኛ መደብ እይታና ሞዶቹ

የአንደኛ መደብ እይታ የቪዲዮ ጌም ተጫዋች የጌሙን ዓለም በባለታሪኩ ዓይን የሚያይበት አሠራር ነው። አዲስ አበባ የተሠራው የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚጫወት ሰው የምትሸሸውን ዶሮ ከኋላዋ ሆኖ ይከተላታል፤ ይህ የሦስተኛ መደብ እይታ ነው። ጌሙ በአንደኛ መደብ ቢሠራ ኖሮ ዶሮዋ አትታይም፤ የሚታየው ዶሮዋ የምታየው መንገድ ብቻ ይሆን ነበር። ሞድ ደግሞ ከሠሪው ኩባንያ ውጭ ያሉ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ፣ የሚያዘጋጁት ተጨማሪ ፋይል ነው። የጌሙን መልክ፣ ድምፅ ወይም ሕግ ይለውጣል።

ሁለቱ የተገናኙት ገና ከጠዋቱ ነው። አይዲ ሶፍትዌር በታኅሣሥ 1993 የአንደኛ መደብ ጌም የሆነውን «ዱም»ን ሲያወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥዕሎቹንና ካርታዎቹን ከዋናው ፕሮግራም ለይቶ በሌላ ፋይል አስቀመጣቸው። የሚፈልግ ሰው ፕሮግራሙን ሳይነካ የራሱን ካርታ መሥራት ቻለ። በ1999 «ካውንተር ስትራይክ» ራሱ የ«ሃፍ ላይፍ» ሞድ ሆኖ ተጀመረ።

የሞድ ሠሪዎች ትልቁ ሥራ ግን የጎደለውን አካል መመለስ ነው። ደቡብ ወሎ ካለችው መካነ ሰላም ወጣ ብሎ ከደንቆሮ ደን በላይ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል ሲያይ ከገደሉ በፊት የራሱን እግር ያያል፤ የሚፈራውም እግሩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በ2011 በወጣው «ስካይሪም» የተባለ ጌም ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ተጫዋች ግን እግር የለውም። ደረትም ሆነ ሆድ የለውም፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ካሜራ ነው። በዚህ እይታ ሠሪዎቹ ከካሜራው ፊት ሁለት ክንዶች ብቻ ስለሚሰቅሉ ነው። ሥራው ይቀልላል፣ ሰይፉም ሁልጊዜ በሚያምር አቅጣጫ ይታያል፤ ገደሉ ግን አያስፈራም።

«ኤንሃንስድ ካሜራ» የተባለው ሞድ ለሦስተኛ መደብ የተሠራውን ሙሉ ሰውነት ወስዶ ከካሜራው በታች ያቆመዋል። አንድ ችግር ግን አለ። ካሜራው የሚቀመጠው የራስ ቅል ውስጥ ስለሆነ ተጫዋቹ የራሱን ጥርስና የዓይን ኳስ ከውስጥ በኩል ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ሞዱ ጭንቅላቱን ይደብቃል። ጥቅሙ በይበልጥ የሚታየው ፈረስ ላይ ነው። ዋናው ጌም ተጫዋቹ ፈረስ ሲወጣ በግድ ወደ ሦስተኛ መደብ ይመልሰዋል፤ ከሞዱ በኋላ የፈረሱ አንገትና ሁለት ጆሮዎች ከፊት ይታያሉ። በቅሎ ላይ ሆኖ የወሎን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ምስል ወዲያው ያውቀዋል።

ቀጥሎ የእይታ ስፋት ይመጣል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። የሰው ሁለት ዓይኖች ወደ ጎን 200 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናሉ። የ«ስካይሪም» መነሻ ቁጥር በኮምፒውተር 65 ነው። ጠባብ ቁጥር ከሩቅ ለሚታይ ቴሌቪዥን ይስማማል፤ ላፕቶፕ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ግን በሸንበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ወደ 80 ወይም 90 ሲነሳ ዓለሙ ይከፈታል። ከዚያ አብዝቶ ካለፈ ዳርና ዳሩ ይለጠጣል።

የጭንቅላት ንቅናቄን የሚጨምሩ ሞዶች በጥንቃቄ መወሰድ አለባቸው። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ የሚያቅለሸልሸው ውስጠኛው ጆሮው ጥምዝምዙን እየሰማ ዓይኑ የማይንቀሳቀስ ወንበር ስለሚያይ ነው። በጌም ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓይን ይሮጣል፣ ጆሮ ግን ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጧል ይላል። ውጤቱ ያው ማቅለሽለሽ ነው። በ2008 የወጣው «ሚረርስ ኤጅ» የሯጯን እጅና እግር ከማሳየቱም በላይ መካከል ላይ ትንሽ ነጥብ አስቀመጠ፤ ዓይን የሚያርፍበት ቋሚ ቦታ ሲያገኝ ሕመሙ ይቀንሳልና። ስለዚህ በእርምጃ ልክ በጥቂቱ የሚወዛወዝ ካሜራ ይበቃል።

የቀሩት ሞዶች ረዳቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከስክሪኑ ላይ የጤና መለኪያውንና ኮምፓሱን ይደብቃሉ፤ ሌሎቹ የእግር ኮቴ በድንጋይና በሣር ላይ እንዲለይ ያደርጋሉ። ሌሊቱን በእውነት የሚያጨልሙም አሉ፤ መብራት በሌለበት ገጠር በባትሪ የሄደ ሰው የብዙ ጌሞች ሌሊት ምን ያህል ሐሰት እንደሆነ ያውቃል። ትልልቅ ኩባንያዎችም ወደዚሁ እይታ መጥተዋል። በ2013 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» በእግር ለሚሄድ ተጫዋች አንደኛ መደብ የተሰጠው በኅዳር 2014 እንደገና ሲወጣ ነው።

ሞድ ከመጫኑ በፊት የጌሙን ፎልደርና የተቀመጠውን ጨዋታ ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለት ሞዶች አንድን ነገር ከነኩ ይጋጫሉ፤ ጌሙ ሲታደስም አሮጌ ሞድ ሊሰበር ይችላል። በኅዳር 2021 የ«ስካይሪም» እድሳት ብዙ ሞዶችን በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ አድርጓል። አንድ በአንድ እየጫኑ መሞከር ይሻላል።

ለደቡብ ወሎ ልጆች ደግሞ ሌላ በር ክፍት ነው። የኢንዴቨር መንኮራኩር በየካቲት 2000 በራዳር የለካው የምድር ከፍታ፣ የወሎ ቦረናን ተራሮችና የዓባይን ሸለቆ ጨምሮ፣ በ30 ሜትር ልዩነት በነፃ ይገኛል፤ ወደ ካርታ የሚለውጠው ብሌንደርም ነፃ ነው። መረጃው የገደሉን ጠርዝ ስለሚያለሰልሰው ዐለቱን፣ ጓሳውንና ጅብራውን ቦታውን የሚያውቅ ሰው በእጁ መጨመር አለበት። ይህን የሚሞክር የመካነ ሰላም ተማሪ ካሜራውን በእረኛ ዓይን ቁመት፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ላይ ይትከል፤ ተጫዋቹም ቁልቁል ሲያይ እግሩ ይታየው።